ለደም የተሠራ ሴንሰር ማር ሲቀርብለት

በሴንሰር ሥራ ብዙ የሚወራለት ናኖው ነው። የመዳብ ኦክሳይድ፣ የወርቅ ወይም የካርበን ደቃቅ ቅንጣት ኤሌክትሮዱን ሲያለብሱት ገጹ ይሰፋል፣ ከረንቱም ይጎላል። እውነት ነው። ዋናው ፈተና ግን ቦንጋ ገበያ የሚሸጠው ማር ሲቀርብለት ነው የሚመጣው።

ማር ለዚህ ሥራ የሚመቸው ግሉኮስም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ስለሚገኝበት ነው። ንቧ የምትጨምርበት ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም፣ ማሩ በውሃ ሲቀጥን ግሉኮሱን ወደ ግሉኮኒክ አሲድ እየለወጠ ፐርኦክሳይድ ያወጣል። ክላርክና ላየንስ እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረቡት የመጀመሪያው የግሉኮስ ኤሌክትሮድ ሐሳብም የቆመው በዚሁ ኢንዛይም ላይ ነበር።

የመዳብ ኦክሳይድ ኤሌክትሮድ ኢንዛይም አይፈልግም፤ ርካሽ ነው፣ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ደም ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ በጣም ጥቂት ስለሆነ ለደም ሲሠራ ማንም አይጨነቅበትም። ማር ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍሩክቶሱ ከግሉኮሱ ይበልጣል፣ መዳቡ ደግሞ ሁለቱንም ኦክሲዳይዝ ያደርጋል። የሚወጣው ቁጥር ያማረ ነው፤ የግሉኮስ ብቻ ግን አይደለም። ስለዚህ ለማር ወደ ኢንዛይሙ እመለሳለሁ፤ ያውም ማሩን ሺህ ጊዜ ያህል አቅጥኜ፣ አለዚያ ኢንዛይሙ ይጠግባል። ለፐርኦክሳይዱ ያን ያህል ማቅጠን አይሆንም፤ ሁለቱ ለየብቻ ይዘጋጃሉ።

ለፐርኦክሳይድ የምወደው ፕሩሲያን ብሉን ነው። ባዶ ፕላቲነም 0.6 ቮልት ገደማ ሲፈልግ ይህ ሰማያዊ ቀለም ዜሮ ቮልት አካባቢ ይሠራል፤ በማሩ ውስጥ ያሉት ፖሊፊኖሎች እዚያ ላይ ብዙም አይረብሹም። አልካላይን ያፈርሰዋል፣ ማር ደግሞ በተፈጥሮው አሲዳማ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መወልወል አለ። ካርበኑን በ0.05 ማይክሮን አሉሚና፣ እጅን ሳያስጨንቁ፣ ጨርቁ ላይ 8 ቁጥር እየሣሉ ማሸት ነው። ከዚያ በፌሪሲያናይድ ይፈተሻል፤ የኦክሲዴሽኑና የሪዳክሽኑ ከረንት ጫፎች ርቀት ከ59 ሚሊቮልት እጅግ ከራቀ ናኖውን ማባከን የለም።

ጠቆር ባለ የግራዋ ማር ላይ የማምነው አንድ ፈተና ካታሌዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ጠብ ሲደረግበት ፐርኦክሳይዱ ይፈርሳል፣ ከረንቱም መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ያነበብነው ሌላ ነገር ነው።

ነጩ የገተም ማር ቶሎ ስለሚረጋ እሳት ላይ የሚያቀልጠው አይጠፋም። ሙቀት ግሉኮስ ኦክሲዴዙን ይገድላል እንጂ ግሉኮሱን ብዙም አይነካውም። ግሉኮሱ እንዳለ ሆኖ ፐርኦክሳይዱ ሲጠፋ መጀመሪያ የምጠይቀው ማሩ እሳት ነክቶት እንደሆነ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ከአበባ ዱቄት የገባ ካታሌዝ እንዳለበት አጣራለሁ።