ቁናው ሳይሞላ ምራቂ

ደብረ ማርቆስ ገበያ እህል የሸመተ ሰው ምራቂን ያውቀዋል። ቁናው ጢም ብሎ ከሞላ በኋላ ነጋዴው በእፍኙ የሚጨምረው ነው። ከቁናው አጉድሎ በእፍኝ የሚመልስ ነጋዴ ግን መረቀ አይባልም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ቪዲዮ ጌም ላወጋ ብዬ ነው። የዛሬ ጌሞች ዋናው ጨዋታ ከተሸጠ በኋላ በኢንተርኔት እየወረደ የሚቀጠል፣ ለብቻው የሚከፈልበት ተጨማሪ ክፍል አላቸው። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ዋናውና ተጨማሪው በአንድ ጥቅል ታስረው በቅናሽ ይቀርባሉ። አገራችንም በዚህ ገበያ ላይ ውላለች፤ ያውም በምራቂነት።

«ሲቪላይዜሽን 5» እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። አፄ ኃይለ ሥላሴን ይዛ የገባችው በ2012 በወጣው ማስፋፊያ ነው። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2»ም ኢትዮጵያውያንን ያስገባው በ2015 በወጣ ተጨማሪ ክፍል ነበር። በ2016 ያለ ኢትዮጵያ የጀመረው «ሲቪላይዜሽን 6» ደግሞ ዳግማዊ አፄ ምኒልክን በ2020 ለብቻ ሸጠ፤ በ2021 «አንቶሎጂ» በተባለው ጥቅል ከሌሎቹ ጋር አሰራቸው።

ለመሆኑ ይህ ምራቂ ምን ይመስላል? እንደኔ እንደኔ ሸጋ ነው። በምኒልክ የሚጫወት ሰው ከተማውን ኮረብታ ላይ ቢቆረቁር፣ ከተማዋ ከምታፈራው የእምነት ሀብት 15 በመቶ ያህሉ በሳይንስም በባህልም ይታሰብላታል። የዋሸራን ቅኔ ቤት ዝና እየሰማ ላደገ ጎጃሜ ይህ ሕግ እንግዳ አይሆንበትም። ደጋው፣ ደብሩና ትምህርቱ እንዴት እንደተያያዙ የጌሙ ሠሪዎች አስበውበታል። የሚያሳዝነው፣ ስለ እኛ በብልሃት የታሰበው ነገር ዋናውን ጨዋታ ብቻ የገዛ ሰው ከማይደርስበት ቦታ መቀመጡ ነው።

«ንቀት ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔ ግን አይመስለኝም። በ2025 በወጣው «ሲቪላይዜሽን 7» አክሱም ከዋናው ጨዋታ ጋር መጣች፤ ለብቻዋ የተሸጠችው ታላቋ ብሪታንያ ናት! ሻጩ የሚመዝነው ክብርን ሳይሆን ጉጉትን ነው። ጌሙ በወጣ ቀን ገዝቶ፣ ተጨማሪውንም ቁራጭ በቁራጭ የከፈለ አድናቂ፣ ዘግይቶ ጥቅሉን በቅናሽ ካነሳው ሰው የበለጠ ያወጣል። የታማኝነት ዋጋው ይኸው ነው።

ጌም ቤት ገብቶ በጨዋታ ልክ ሳንቲም የሚከፍለው የእኛ አገር ልጅስ? በዶላር የሚከፍልበት ካርድ ከሌለው ቅናሹ ለእርሱ ወሬ ነው። የሚደርሰው በፍላሽ የተገለበጠው ነው፤ በዚያ ላይ ምኒልክ ከሌሉ፣ በሌሎች ነገሥታት ስም ዓለምን እየገዛ የራሱን ታሪክ ሳያገኝ ይነሳል።

ስለዚህ ጥቅል ሲቀርብልን «ስንት ተቀነሰ?» ከማለታችን በፊት «ተጨማሪው ቢነሳ ዋናው ሙሉ ነው ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ሙሉ ከሆነ ሻጩ መርቆልናል፤ ካልሆነ ግን የራሳችንን እህል ሁለት ጊዜ ሸምተናል።