ተክሩሪ፦ መንገድ ያወጣው ስም

ከገዳሪፍ ተነስቶ በዶካ አድርጎ ወደ ገላባት የሚወስደው መንገድ በታሪክ መጻሕፍታችን የሚነሳው ጦር ሲተላለፍበት ወይም ቀረጥ ሲሰበሰብበት ነው። በዚህ መንገድ ዳርቻ የሰፈሩትና «ተክሩሪ» (በብዙ ቁጥር «ተካሪር») የተባሉት ሰዎች ግን በእነዚሁ መጻሕፍት ውስጥ ከግርጌ ማስታወሻ አልፈው አያውቁም። ስማቸው ዛሬ በሂጃዝ፣ በኬብሮንና በኢየሩሳሌም የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ ይገኛል፤ በምሥራቅ ሱዳን ግን እየከሰመ ሄዷል። እንደኔ ንባብ ይህን ስም ያወጡላቸው ተቀባዮቹ፣ ማለት ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ የወጡትን እነዚህን እንግዶች የተቀበሉት አገሮች ናቸው። የመብዛቱም ሆነ የመክሰሙ ምክንያት በስሙ ባለቤቶች ዘንድ ከመፈለግ ይልቅ በተቀባዮቹ ዘንድ ቢፈለግ የተሻለ መልስ ይገኛል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከገላባት ማዶ ባለችው በመተማም ሆነ በዶካ ነባሩ የስም ሥርዓት የትውልድ ሐረግ ነው። የኛ ሰው የራሱንና የአባቱን ስም ይዞ ይኖራል፤ ሱዳናዊው አያቱንና ቅድመ አያቱን ጨምሮ አራት ስም ይደረድራል። ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ለሁለቱም ባዕድ ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ዐረቦች «ኒስባ» የሚሉት፣ የአገር ወይም የወገን ምልክት የሆነው ቅጥያ ነው። የግብጹ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) አያት ቅድመ አያቶቹ ከመጡበት ከጀበርት ምድር የወረሰው መጠሪያ ይኸው ዓይነት ነው። በአዝሀር መስጊድ የጀበርቲ ተማሪዎች ማደሪያ እንደነበረ ሁሉ የተክሩር ተማሪዎችም የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። ከጎንደርና ከወሎ ወጥቶ ካይሮ የደረሰ ደረሳና ከሴኔጋል ወንዝ ማዶ የመጣ ደረሳ በአንድ ግቢ ውስጥ በአገር ስም ተለይተው ሲኖሩ ማሰብ፣ የዶካን መንገድ ስፋት ለመረዳት ይጠቅማል።

ተክሩር ራሱ በሴኔጋል ወንዝ ዳር የነበረ መንግሥት ነው። የአንዳሉሱ መልክዐ ምድር አዋቂ አል-በክሪ በ1068 ሲጽፍ የአገሩ ንጉሥ ዋር ጃቢ እስልምናን ተቀብሎ ሕዝቡንም እንዳስገባና በ1040 ገደማ እንደሞተ ይናገራል። መንግሥቱ ትንሽ ነበር፤ ስሙ ግን በምሥራቅ አደገ። የማሊው ንጉሥ መንሳ ሙሳ በ1324 ለሐጅ በካይሮ ሲያልፍ ግብጻውያን «የተክሩር ንጉሥ» አሉት። የዘመኑ ጸሐፊ አል-ዑመሪ እንደሚለው ይህን መጠሪያ ቢሰማ አይወደውም ነበር፤ ተክሩር ከግዛቶቹ አንዱ ብቻ ነበርና። የተቀባዮች ስም አወጣጥ ማለት ይህ ነው፤ ካይሮ በመጀመሪያ ያወቀችውን ሙስሊም የምዕራብ አገር በኋላ ለመጣው ሁሉ ሰጠችው። ዑመር አን-ነቃር በ1969 የዚህን ስም ታሪክ ሲመረምር ያሳየውም ይህንኑ ነው። ከጊዜ በኋላ የምዕራቡ ሊቃውንትም ስሙን ተቀበሉት፤ የሶኮቶው መሐመድ ቤሎ በ1812 ያዘጋጀው የታሪክ መጽሐፍ ርእስ «የተክሩር አገር» የሚል ይዟል።

ስለ ትርጉሙ ሌላ አሳብ ያመጣው ስዊዘርላንዳዊው ተጓዥ ቡርክሃርት ነው። በ1814 በሸንዲና በሱዋኪን በኩል ሲያልፍ ከተካሪር ጋር ተጉዟል። እሱ ተክሩር የሚባል አገር ጨርሶ የለም ይላል፤ ስሙ ማብዛት፣ ማደስ፣ ማጥራት የሚል ፍቺ ካለው የዐረብኛ ግስ የመጣ፣ በቁርኣን ጥናትና በሐጅ ሃይማኖቱን ያጠራ ሰው መጠሪያ ነው ባይ ነው። በታሪክ ረገድ ተሳስቷል፤ የአል-በክሪ ምስክርነት ብቻውን ያፈርሰዋል። ቢሆንም ስህተቱን በቀላሉ መጣል አይገባም። በመንገድ ላይ ስሙ የዘር መለያ ከመሆን ይልቅ የምግባር መለያ ሆኖ ይሰማ እንደነበር ይነግረናል፤ ተክሩሪ ማለት በእግሩ ወደ መካ የሚሄድ ሰው ነበር። የዳርፉሩም፣ የቦርኑውም፣ የሐውሳውም ሰው በአንድ ስም ሊጠራ የቻለው በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ቡርክሃርት ከመዘገባቸው የተጓዦቹ መንገዶች አንዱ ከሰናር በራስ ፊል፣ ማለት በዛሬው የገላባት አካባቢ፣ አልፎ በጎንደር በኩል ወደ ምጽዋ የሚወጣ ነው። ሐጃጆቹ በክርስቲያን ነገሥታት አገር አቋርጠው ያልፉ ነበር።

ከሐጅ የተመለሱ ብዙዎች ገላባት ላይ ቀሩ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1862 ሲደርስ ያገኘው ከዳርፉር የመጡ፣ መሬቱ ተመችቷቸው የሰፈሩ፣ በራሳቸው ሼኽ የሚተዳደሩና ለሥራ የማይሰንፉ ሰዎችን ነው። የእነዚህ ሼኾች ፖለቲካ ከሁሉ ይበልጥ ይደንቀኛል። ገበያቸው የኢትዮጵያ ቡና፣ ሰም፣ በቅሎና ባሪያ ከሱዳን ሸቀጥ ጋር የሚገናኝበት ስለነበር ለኢትዮጵያም ሱዳንን ይገዛ ለነበረው የግብጽ መንግሥትም ግብር ይከፍሉ ነበር። አንድ ሕዝብ ለሁለት ጌታ እየገበረ የራሱን አስተዳደር ይዞ መኖሩን ታሪክ ጸሐፊዎቻችን የድንበር መደበላለቅ ብቻ አድርገው ያልፉታል። ለእኔ ግን ይህ የታሰበበት ጥበብ ነው፤ እንግዳ በተባለበት ምድር ሥልጣን መያዝ የቻለ ማኅበረሰብ የፈጠረው አኗኗር።

በሱዳን የማህዲያው አመፅ ሲነሳ ይህ ሚዛን ፈረሰ። የገላባቱ የተካሪር አለቃ ሷሊሕ ሸንቃ ከማህዲ ወገን አልሆነም፤ በ1885 ኢትዮጵያውያን ባደረጉት እርዳታ የግብጽ ወታደሮች ሲወጡ እርሱም ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ የማህዲያው አዛዥ የአቡ አንጃ ጦር በ1888 ጎንደርን አቃጠለ፤ አጼ ዮሐንስም መጋቢት 1889 መተማ ላይ ወደቁ። ከተማዪቱ «መተማ ዮሐንስ» ተብላ የንጉሡን ስም ይዛለች፤ ተገቢም ነው። በዚያ የተካሪርን ስም የያዘ ነገር ግን አላውቅም። ከጦርነቱ በፊት በዚያ ገበያ ይኖሩ የነበሩት በአንድ ጊዜ ከኛም ከሱዳኑም ታሪክ ተሰረዙ ማለት ይቻላል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የስሙ ዕጣ በየአገሩ ተለያየ። በሂጃዝ «ተክሩኒ» የቤተሰብ ስም ሆኖ በወረቀት ላይ ሰፈረ፤ በካይሮ አጠገብ በጊዛ ቡላቅ አድ-ደክሩር የተባለው ሰፈር የአንድ ተክሩሪ ሼኽን ስም እስከ ዛሬ ይሸከማል። በሱዳን ግን እንግሊዞች በምዕራብ አፍሪካ ያለችውን ሶኮቶን ከያዙና በ1903 በቡርሚ ጦርነት ሱልጣኗ አታሂሩ ከተገደለ በኋላ ብዙ ሺሕ ሰው ወደ ምሥራቅ ጎረፈ። የሱልጣኑ ልጅ ማይ ዉርኖ በጥቁር ዓባይ ዳር ሰፈረ፤ የጀዚራ የጥጥ እርሻም በ1925 ሲከፈት ጉልበታቸውን ፈለገው። «ፈላታ» የሚለው ሌላ የተቀባዮች ስም ያን ጊዜ ገነነ፤ የሐጃጅ ትዝታ የነበረበት «ተክሩሪ» ደግሞ ወደ ኋላ ቀረ። ባዋ ያምባ በ1995 ያሳተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በሱዳን ተወልደው ያረጁ የምዕራብ አፍሪካ ዝርያዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ራሳቸውን በጉዞ ላይ ያለ ሐጃጅ አድርገው ይቆጥሩ ነበር። ጎረቤቶቻቸውም በዚሁ ዓይን ያዩአቸው ነበር፤ እንደ አላፊ እንግዳ የመታየት ችግራቸውም ከዚህ ይጀምራል።

በተገላቢጦሽ የሚሄድ ምሳሌ ከሐድረመውት አለ። በዚያ «አል-ሐብሺ» የተባለ የታወቀ የሰይዶች ቤተሰብ ይኖራል፤ ስሙ ሐበሻ አገር ኖሮ ከተመለሰ ቅድመ አያት የመጣ ነው ይላሉ። ሄዶ የተመለሰ ሰው በሄደበት አገር ስም ሲጠራ ክብር ይሆንለታል፤ መጥቶ የቀረ ሰው በመጣበት አገር ስም ሲጠራ ግን ስሙ የእንግድነት ማስረጃ ሆኖ ይያዝበታል። በመተማ የሰሊጥ እርሻዎች ከደጋ የወረደውን የቀን ሠራተኛ ሁሉ «ሳሉግ» ብለው የሚጠሩ ሰዎች ስለ ሩቅ አገር ታሪክ የማወራ ከመሰላቸው ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ የ1957ቱ የዜግነት ሕግ በትውልድ ሱዳናዊ ነኝ የሚል ሰው እሱ ወይም በአባት ወገን ያሉ አያት ቅድመ አያቶቹ ከ1897 መጨረሻ ጀምሮ በአገሩ የኖሩ መሆናቸውን ጠየቀ። በገላባት ገበያ ቤከር ያገኛቸው ሰዎች ዝርያዎች በዚህ መስመር ወዲያ ማዶ በደህና ያርፉ ነበር። ከቡርሚ በኋላ የመጡትና ጥጥ የለቀሙት ግን ወዲህ ማዶ ይቀሩ ነበር። ስሙ ሁለቱን ስለማይለይ፣ ተክሩሪ የተባለ የዶካ ወይም የገላባት ሰው አያቱ ከ1897 በፊት እዚያ እንደነበረ የማስረዳት ሸክም ተጭኖበት ነበር፤ ብዙ ቤተሰቦች ስሙን ጥለው የዐረብ ሐረግ ለመቁጠር የመረጡበት ምክንያትም ከዚህ ሸክም ተለይቶ የሚታይ አይደለም።