አብሲት ያለው እንግዳ፦ ስለ ሩዝ ኑድል ቤትና ስለ ጌጃ ሰፈር ገበታ

ሂስ የሚጻፍለት ነገር ምን ምን እንደሆነ ብንጠየቅ አብዛኞቻችን ግጥምን፣ ልብ ወለድን፣ ቴአትርን፣ ሥዕልንና ሙዚቃን ቆጥረን እናቆማለን። ምግብ ቤት በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቢገባ ቀልድ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ኪነ ጥበብ ማለት የሰው ልጅ ከአካባቢው ያገኘውን ጥሬ ነገር በዕውቀትና በስሜት ቅርጽ አስይዞ ለሌላው የሚያቀርብበት ሥራ ከሆነ፣ ገበታ ከመድረክ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። ተመልካች ቴአትር ቤት የሚገባው አልፎ አልፎ ነው፤ ምግብ ቤት የሚገባው ግን በየዕለቱ ነው። ጣዕሙ የሚቃናውም ሆነ የሚበላሸው ይልቁንም በዚያ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ተራው የቻይና የሩዝ ኑድል ቤት ነው። የምመለከተው ደግሞ በልደታ ክፍለ ከተማ ከሚገኘው ከጌጃ ሰፈር ቆሜ ነው። ይህን ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የቻይና ሠራተኛ እጅ ያረፈበት ሥራ ከዚህ ሰፈር ሩቅ አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረውና ርዝመቱ ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የከተማው ቀላል ባቡር የተሠራው በቻይና ተቋራጭ ሲሆን፣ በሜክሲኮና በልደታ በኩል ያልፋል። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃም በቀድሞው ከርቸሌ ቦታ ላይ የቆመው በቻይና መንግሥት ወጪ ነው። ሐዲዱንና ሕንፃውን ሁሉም ሰው ያያል። የሠራው ሰው በቀትር ምን በልቶ እንደዋለ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

በአዲስ አበባ ያሉት የቻይና ምግብ ቤቶች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ክብ ጠረጴዛና ቀይ ፋኖስ ያለው፣ እንግዳ የሚጋበዝበትና ውል የሚፈጸምበት ቤት ነው። ሁለተኛው ጌጥ የሌለው፣ ጥቂት ወንበሮች ያሉት፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን መረቅ ለአንድ ሰው የሚያቀርብ ትንሽ ቤት ነው። የፊተኛው ብዙ ሲነገርለት ኖሯል። እኔ የምናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ይዘቱ። የእኛ ሰው ኑድል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ልጆች የሚወዱት ኢንዶሚ ነው። እርሱ ግን ከስንዴ የሚሠራ ነው። የሩዝ ኑድል ከደቡብ ቻይና፣ በተለይም ከዩናን፣ ከጓንግሺና ከሁናን ምድር የመጣ ሲሆን፣ ነጭ፣ ለስላሳና እንደ ሐር ክር የሚንሸራተት ነው። ስንዴ በውኃ ሲታሽ የሚለጠጥ ሙጫ ያወጣል፤ ስለዚህም ሊጡን መጎተትና መቁረጥ ይቻላል። ሩዝ ይህ ሙጫ የለውም። ጤፍም የለውም። ታዲያ ሙጫ የሌለውን እህል አያይዞ ለማቆም ሁለት ሩቅ ሕዝቦች ምን ዘዴ ፈጠሩ? የእኛ እናቶች ሊጡን በእርሾ ያቦካሉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሊጡ ቀንሰው በፈላ ውኃ ያበስሉና መልሰው ይቀላቅሉታል። አብሲት የምንለው ይህንን ነው። የደቡብ ቻይና ባለሙያም ሩዙን ዘፍዝፎ ይፈጫል፤ በአንዳንድ ሥፍራ እስኪኮመጥጥ ለቀናት ያቆየዋል፤ ከዚያም ሊጡን በከፊል አብስሎ ያሸውና ቀዳዳ ባለው መጭመቂያ አሳልፎ ወደሚፈላ ውኃ ይለቀዋል። የበሰለው ያልበሰለውን ያያይዘዋል። እንግዲህ ይህ እንግዳ ምግብ አብሲት ያለው እንግዳ ነው። ከኢንዶሚ ይልቅ ለእንጀራ ይቀርባል ብል ማጋነን አይሆንም።

ስለ አመጣጡ የሚነገር አፈ ታሪክም አለ። የቺን ሥርወ መንግሥት ሠራዊት ወደ ደቡብ ዘምቶ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ214 ዓመት ገደማ፣ ሁለት ወንዞችን የሚያገናኘው የሊንግቹ ቦይ በጉይሊን አቅራቢያ ሲቆፈር፣ ሰሜኖቹ ወታደሮች በሩዝ አገር ስንዴ አጡ። ያደጉበት የስንዴ ኑድል ቢናፍቃቸው ሩዙን ፈጭተው በኑድል አምሳል ሠሩት ይባላል። አፈ ታሪክ ለታሪክ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ሆኖም ሕዝብ ስለ ራሱ ምግብ የሚያምነውን ያሳያል። ጉይሊኖች ምግባቸው የተወለደው ከንጉሥ ማዕድ ሳይሆን፣ ከአገሩ ርቆ ቦይ ከሚቆፍር ሰው ናፍቆት እንደሆነ ይናገራሉ። በእኛ ዘመን ሐዲድ ሊዘረጋ ከአገሩ ርቆ የመጣው ሰው ያንኑ ሳህን ይዞ መምጣቱ ለዚህ አፈ ታሪክ ሁለተኛ ምዕራፍ ነው።

ከአገር የራቀ ሠራተኛ ምግብ ይዞ ሲመጣ አዲስ አበባ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ከጉራጌ ምድር ለሥራ የመጣው ሰው ቆጮውንና ክትፎውን ይዞ መጣ፤ ዛሬ ክትፎ የሁሉም ግብዣ ሆኗል። ፓስታና መኮሮኒ ግን የተስፋፉት በሌላ መንገድ፣ በተለይ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ነው። ወራሪው ተባረረ፤ ፓስታው ቀረ፤ ከእንጀራ ጋር በአንድ ትሪ ተቀመጠ። ፓስታ በጦር መጣ፤ የሩዝ ኑድል በሥራ መጣ። በጦር የመጣውን አልምደን የራሳችን ያደረግን ሰዎች፣ በሥራ የመጣውን ሳንቀምስ ብናሳልፈው ለራሳችን ታሪክ አንመጥንም።

ወደ ቅርጹ እንለፍ። በአንድ እንዲህ ያለ ቤት በቀትር የተቀመጠ ሰው የሚያየው ነገር ጥቂትና ግልጽ ነው። ከአጥንት የተፈላ መረቅ፣ በላዩ የሽንኩርት ቅጠል፣ ለውዝ፣ የኮመጠጠ አትክልት፣ ስስ ሥጋ። በጠረጴዛው ላይ አቼቶ፣ ሶያ ሶስና በዘይት የተጠበሰ በርበሬ ተቀምጠዋል። ወጥ ሠሪው ሥራውን ሆን ብሎ ሳይጨርስ ያቀርባል፤ የሚጨርሰው በላተኛው ነው። ይህ ጠባይ በግልጽ የሚታየው «ድልድይ ተሻጋሪ» በሚባለው የዩናን ኑድል ነው። በዚህ ዓይነቱ መረቁ፣ ኑድሉና ስስ ሆኖ የተከተፈው ጥሬ ሥጋ ለየብቻ ይቀርባሉ። መረቁ በላዩ በሰፈፈው ስብ ስለ ተሸፈነ እንፋሎቱ እምብዛም አይታይም፤ ከሥሩ ግን ሥጋ የሚያበስል ትኩሳት አለ። ስያሜውን ያገኘው፣ በደሴት ላይ ለሚያጠና ባሏ ድልድይ ተሻግራ ምግብ ታደርስ ከነበረች ሴት ነው ይባላል፤ መረቁ እንዳይቀዘቅዝ ስቡን የተጠቀመች እርሷ ናት። ቴአትር የሚጽፍ ሰው ከዚህ የሚማረው አለ። የመጨረሻውን ገቢር ለተመልካቹ መተው ድፍረት ይጠይቃል፤ ለዚያ ድፍረት ደግሞ ከሥር የተደበቀ እሳት ያስፈልጋል። እሳት የሌለው ደራሲ ገቢሩን ክፍት ቢተወው የሚቀርበው ጥሬ ሥጋ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። «የእኛ ገበታ መሶብ ነው፤ ብዙ እጅ በአንድ ትሪ ይዘረጋል፤ ጉርሻ አለ። ቻይናው ግን ለብቻው በሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ይበላል፤ ይህ ከባህላችን ጋር አይሄድም» የሚል ነው። ተቃውሞው ከላይ ሲያዩት እውነት ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን አይጸናም። በቻይና ቤተሰብ ማዕድ ላይ ወጡ መካከል ተቀምጦ ሁሉም በየእንጨቱ ከአንድ ሳህን ይጋራል። ለብቻ የሚበላው ኑድል የሠራተኛው የጥድፊያ ምግብ ነው። በጌጃ ሰፈርም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር፣ ማለዳ ቁርስ ቤት ገብቶ ፉል በዳቦ ለብቻው በልቶ ወደ ሥራው የሚሮጠውን ሰው ማን መሶብ ከዳ ይለዋል? የሳህኑን ስፋት የሚወስነው የሥራ ሰዓት እንጂ የሕዝብ ጠባይ አይደለም። ይህን የማይለይ ሐያሲ የአንድን ሕዝብ ባሕርይ ከአንድ የምሳ ሰዓት ላይ ያነባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወሬ ነው። በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. በሕዝብ ቅሬታ ሲዘጋ፣ ስለ ቻይና ምግብ ብዙ ተብሏል። የሕዝቡ ቅሬታ ሥር ያለው ነበር፤ አህያ ለገበሬያችን ጫንቃ እንጂ ሥጋ አይደለችም። ነገር ግን ቄራው ለውጭ ገበያ የታሰበ ነበር፤ የሰፈሩ ኑድል ቤት ያጠፋው ነገር አልነበረም። ሂስ ከወሬ የሚለየው የቀረበለትን ሥራ በመመርመሩ ነው፤ ያልቀረበለትን በመጠርጠሩ አይደለም።

ይህን ስል ግን ቤቱ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ትልቁ ጉድለቱ ፊቱን ወደ ውስጥ ብቻ ማዞሩ ነው። ዝርዝሩ በቻይንኛ ይጻፋል፤ የሌላው አገር ሰው በፎቶግራፍ እየጠቆመ እንዲያዝዝ ይገደዳል። አማርኛ በግድግዳው ላይ ከኖረ በታላቅ ቁጠባ ነው። የምታስተናግደው ኢትዮጵያዊት የወጦቹን ስም በቻይንኛ አጥርታ ትጠራለች፤ የቤቱ ባለቤትም የእርሷን ቋንቋ ያን ያህል ቢያውቅ ምን ነበረበት? የቻይናና የኢትዮጵያ መንግሥታት ግንኙነት የተመሠረተው በኅዳር 1963 ዓ.ም. ነው፤ አየር መንገዳችንም በ1965 ዓ.ም. ወደ ሻንጋይ መብረር ጀመረ። ይህን ያህል ዘመን ለተዋወቁ አገሮች በምግብ ዝርዝር ላይ ጥቂት የአማርኛ ቃላት መጨመር ከባድ ሸክም አይደለም።

ከዚህ የሚበልጠው ጉድለት የጾም ጉዳይ ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ይጾማል፤ የአሳማ ሥጋን ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይነካም። የአጥንት መረቅ ብቻ የሚያፈላ ቤት ለጎረቤቱ በሩን በገዛ እጁ ዘጋ ማለት ነው። የሚያስቆጨው የሩዝ ኑድል በተፈጥሮው የጾም ምግብ መሆኑ ነው፤ ሩዝና ውኃ እንጂ እንቁላል አይገባበትም። በዝንጅብል፣ በአትክልትና በአኩሪ አተር መረቅ ቢቀርብ ረቡዕና ዓርብ ገበታው ይሞላ ነበር። ፓስታ የእኛ የሆነው በቲማቲም ስጎ ተለውሶ በጾም ቀን መበላት የጀመረ ዕለት ነው እላለሁ። እንግዳ ምግብ ዜግነት የሚያገኘው በጾም በኩል ነው።

ጥሬ ዕቃውም ከእኛ ሩቅ አይደለም። በጣና ዳር በፎገራ ሜዳ ሩዝ ይበቅላል። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያስተዋወቁት ሩዝ ዛሬ የገበሬው ዋና ሀብት ሆኗል፤ በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። የፎገራ ሰው ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግረዋል፤ ከእስያ የመጣውን እህል በአብሲት አጥምቆታል። የፎገራ ሩዝ በአዲስ አበባ መጭመቂያ ኑድል ሆኖ ቢወጣ፣ ቻይናዊው ባለሙያና የፎገራ ገበሬ በአንድ ሳህን ላይ ይገናኛሉ።

አሁን ወደ ጌጃ ሰፈር ልመለስ፤ የነገሩ ክብደት ያለው እዚያ ነውና። በልደታ ዙሪያ በ2000ዎቹ ሰፊ የመልሶ ማልማት ሥራ ተካሂዶ፣ የቆዩ ቤቶች ፈርሰው የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ፎቆች ቆመዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ የከተማውን መልክ ለውጧል። የሚያፈስ ጣሪያና የጋራ መጸዳጃ ናፍቆት አይገባቸውም፤ ንጹሕ ውኃና ሰፊ መንገድ ለሕዝብ ይገባዋል። ነገር ግን አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ ከጭቃው ግድግዳ ጋር ሌላም ነገር ይፈርሳል። ይኸውም አንዲት ሴት በአንድ ምድጃ፣ በአንድ ድስትና በሁለት አግዳሚ ወንበር የምትከፍተው ሽሮ ቤት ነው። የአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ኪራይ ለባንክና ለትልቅ ሱቅ የሚመች እንጂ ለድስቷ የሚመች አይደለም።

የሩዝ ኑድል ቤት ዋጋ ያለው ትምህርት የሚሰጠን እዚህ ላይ ነው። ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የመጣ ሠራተኛ በባዕድ ከተማ የመጀመሪያ ፍላጎቱ የሆነው፣ የአገሩን መረቅ በመጠነኛ ዋጋ የሚያገኝበት ትንሽ ቤት ነው። ያለዚያ ሐዲዱን መዘርጋት አይችልም ነበር። እኛ ግን በገዛ ከተማችን ለገዛ ሠራተኛችን ያንኑ ትንሽ ቤት እያሳጣነው ለመሆናችን ልብ አላልንም። ፎቁን የሚገነባው የቀን ሠራተኛ በፎቁ ሥር ምሳ የሚበላበት ቦታ ከሌለው፣ የሕንፃው ንድፍ ገና አላለቀም።

ስለዚህ የከተማ ንድፍ የሚያወጡ ሰዎች በየአዲሱ ሕንፃ ግርጌ ለአንድ ድስት የሚሆኑ ጠባብ ክፍሎችን፣ በጠባብ ኪራይ፣ ቢያስቡ ባህልን ጠበቁ ይባላል። በዚያ ተርታ ሽሮ ቤቱ፣ ቁርስ ቤቱና፣ በአማርኛ ጽፎ የጾም መረቅ ካፈላ ደግሞ፣ የሩዝ ኑድል ቤቱም ጎን ለጎን ይቀመጡ። ጌጃ ሰፈር ለሁለት ዓይነት አብሲት አይጠብም። የበሰለው ያልበሰለውን ካላያያዘው ግን የሚቀርብልን የተበታተነ ዱቄት ነው፤ ይህም ለእንጀራም፣ ለኑድልም፣ ለከተማም እውነት ነው።