ውኃን የሚመራ ክዳን

የሣር ክዳን ውኃ የሚዘጋ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይዘጋም። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገጠር ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ሲወርድ፣ አንድ የሰንበሌጥ አገዳ ብቻውን የሚያቆመው ጠብታ የለም። አገዳው ጠብታውን ተቀብሎ ከበታቹ ላለው አገዳ ያስረክባል፣ ያም ለሚቀጥለው፣ እንዲህ እያለ እስከ ክፈፉ ይደርሳል። ደህና አድርጎ በተከደነ ቤት ርጥበቱ ላይ ላዩን ይሄዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ከሥሩ ያለው ሣር ክረምቱን በሙሉ ደረቅ ነው። አብሮኝ ሥራ የሚጀምር ወጣት አስቀድሞ እንዲይዝልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ውኃን ማገድ የሚሻ ሰው ሣር ይከምራል፤ ውኃን መምራት የገባው ሰው ግን ሣሩን ያሰልፋል።

ሥራው የሚጀምረው ከእንጨቱ ነው። ምሰሶው አጥሮ ጣራው ከተንጋለለ፣ የፈለገውን ያህል ሣር ቢጭኑበት ውኃው እየተኛ ያበሰብሰዋል። አባቶች ያስተማሩን መለኪያ ቀላል ነው፦ ጣራው ከግድግዳው በላይ የሚወጣው ቁመት የቤቱን ወርድ እኩሌታ ያህል ይሁን። እንጨት ለመቆጠብ ብሎ ከዚህ ዝቅ የሚያደርግ ባለቤት ሲገጥመኝ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ያተረፉትን እንጨት በየዓመቱ በሣር ይከፍሉታል» እለዋለሁ። ማገሩም ተቀራርቦና ጠብቆ መታሰር አለበት። በላላ ማገር ላይ የተኛ ሣር ይጎደጉዳል፤ ጎድጓዳ ባለበት ደግሞ ውኃ መንገዱን ትቶ ይቆማል።

ሣሩ የሚታጨደው ዝናቡ ወጥቶ፣ አገዳው ቢጫ ሲሆን፣ በኅዳር ገደማ ነው። በእርጥቡ የታጨደ ሣር ክዳኑ ውስጥ ይሻግታል። ከብት የረጋገጠውና የተሰባበረው ደግሞ ጠብታውን መሐል መንገድ ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ ነዶው በደንብ ይደርቃል፣ ቅጠሉና እንክርዳዱ ይራገፋል፣ ቀጥ ያለው አገዳ ይለያል። ለዚህ ሥራ የሚጠፋው ጊዜ ለሚያይ ሰው ብዙ ይመስላል፤ የክዳኑ ዕድሜ ግን የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ደቦው ይጠራል። ከዳኞቹ ከክፈፉ ተነሥተው ወደ ጉልላቱ ይወጣሉ፤ ከላይ ጀምሮ የሚወርድ የለም። ሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያውን ከግማሽ በላይ ይሸፍነዋል፣ ሦስተኛውም ሁለተኛውን፣ ልክ እንደ ወፍ ላባ። እያንዳንዱ እስር ከማገሩ ጋር በልጥ ወይም በሐረግ ይጠፈራል፣ በእጅ እየተመታ ይስተካከላል። ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ መሆን አለበት። እኔ በዓይን ከማየት ይልቅ መዳፌን ማሳለፍ ይቀናኛል፤ የሳሳውን ቦታ እጅ ቶሎ ያገኘዋል። ከሁሉ የሚከብደው ጉልላቱ ነው፤ ረድፎቹ ሁሉ እዚያ ይገናኛሉ፣ ከእነርሱ በላይ ግን የሚሸፍናቸው ሌላ ረድፍ የለም። ስለዚህ ጫፉ ጠብቆ ይታሰርና ብዙ ጊዜ አሮጌ ሸክላ ይደፋበታል።

ቤቱ ከተከደነ በኋላ ጠባቂው የምድጃው ጢስ ነው። ጢሱ በሣሩ መሐል እያለፈ ያደርቀዋል፣ ነቀዝና ምስጥም ያርቃል። ሰው የወጣበት ጎጆ ቶሎ የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ጎተራውም ውኃን ከመምራት ሕግ አይወጣም፦ ጎኑ በእበት ይለቀለቃል፣ አናቱ ትንሽ የሣር ክዳን ይደፋበታል። ግድግዳው በጭቃና በጤፍ ጭድ ይመረጋል፤ ምርጊቱን ከዝናብ የሚያድነው ግን ወደ ውጭ ወጣ ያለው የጣራው ክፈፍ ነው። አንዱ ሽፋን ሌላውን ይጠብቃል።

ቆርቆሮን አልነቅፍም። እሳት በአንድ ሌሊት መንደር ሲበላ ላየ ሰው ቆርቆሮ ትልቅ እፎይታ ነው። የዝናብ ውኃ ለማጠራቀም ይመቻል፣ በየጊዜው አድሱኝ አይልም፣ ባሕር ዛፍ በተስፋፋበት በእኛ አገር ደግሞ ወራጅና ማገሩ ከደጅ ይገኛል። ነገር ግን ቀን ያግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ሲመታው ሰውን ከሰው አያደማምጥም። ሣር ሙቀቱንም ድምፁንም ያበርዳል። አርሶ አደሩ መኖሪያውን በቆርቆሮ ቢሠራ መብቱ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ማድ ቤቱንና ጎተራውን በሣር ልክደን ሲል የሚያውቅ ሰው ማጣቱ ነው።

የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሣር ክዳን አለው። በሥዕሉ ዓለም ያወቀው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሥዕሉ ግን ያለ ክዳኑ አይኖርም። እንዲህ ያለውን ጣራ ለማደስ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ የሠለጠነ እጅና የበሰለ ሣር። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀድማል። የግጦሽ መሬት ታርሶ ባለቀበት ሰንበሌጥ ቁመቱን አይጨርስም፤ ሣር ከሌለ ደግሞ ወጣቱ የሚለማመድበት ምን አለ?

መፍትሔው በአገራችን አለ። የሰሜን ሸዋው የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳን ምድር በሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለክዳንና ለገመድ እስኪደርስ አካባቢው ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሁሉም በደንቡ ያጭዳል። ከ1967 የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሞታል። በእኛም ወረዳ እያንዳንዱ ቀበሌ ከብት የማይገባበት አንድ ቁራጭ የሰንበሌጥ መሬት ቢከልል፣ አብያተ ክርስቲያናትም በቅጥራቸው ውስጥ እንዲሁ ቢያደርጉ፣ ሙያው የሚቆምበት መሠረት ያገኛል። ማሰር፣ መደርደርና ማስተካከል በአንድ በጋ የሚጀመር ትምህርት ነው፤ ሣሩ ግን አስቀድሞ መብቀል አለበት። ስለዚህ ክዳን እንዲኖረን ከፈለግን ሥራችን ከጣራው ሳይሆን ከመስኩ ይጀምር።