ሲሙሌሽኑ ከየት ጀመረ? ምስሉን ከማድነቃችን በፊት

ካርቱም ላይ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ሲገናኙ የሚያሳይ የአየር ላይ ፎቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለቱ ውሃዎች ወዲያው አይዋሃዱም። ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን ይሄዱና ቀስ በቀስ ይቀላቀላሉ። ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ፍሰቶች ሲነካኩ መሐላቸው የሚፈጠረውን ቀጠና ተመራማሪዎች የቅልቅል ንብርብር ይሉታል። ነዳጅና አየር ሞተር ውስጥ እንዴት እንደሚቀላቀሉ ለመገመትም ይህን ቀጠና ማወቅ ግድ ነው።

በ1974 ብራውንና ሮሽኮ የተባሉ ተመራማሪዎች ሂሊየምና ናይትሮጅን ጎን ለጎን እያስፈሰሱ ያነሷቸውን ፎቶዎች አሳተሙ። በነውጠኛው ፍሰት ውስጥ ትልልቅ አዙሪቶች ተሰልፈው ታዩ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ላይ ይህን ፍሰት የሚያስመስል ሁሉ እነዚያን አዙሪቶች ማየት ይፈልጋል። እሺ፣ ታዩ እንበል። ግን ከፍሰቱ ባሕርይ የመጡ ናቸው ወይስ እኛው መነሻው ላይ ያስገባናቸው?

ለዚህ ጥያቄ ሮጀርስና ሞዘር በ1994 ያወጡት ሥራ ዛሬም መነበብ ያለበት ነው። ሦስት ሲሙሌሽኖች ሠሩ፤ የሦስቱም መነሻ ግድግዳ ታክኮ ከሚሄድ ነውጠኛ ፍሰት የተወሰደ ነበር። አንዱን እንዳለ ተዉት። በሁለተኛው ላይ ደካማ፣ በሦስተኛው ላይ ጠንካራ ባለሁለት አቅጣጫ ሞገድ ጨመሩ። በሦስተኛው ውስጥ ትልልቆቹ አዙሪቶች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ መዋሃዳቸውን ቀጠሉ፤ በሌሎቹ ሁለቱ ግን እንዲህ ያለ የተደራጀ ውህደት አልታየም። የፍሰቱ ሕግ ያው አንድ ነው፤ የተለየው መነሻው ብቻ ነው!

የሥራው ትልቁ ጥንካሬ ይኼ ነው፦ መነሻውን አልደበቀም፣ ራሱን ጥያቄ አደረገው። ድክመትም አለው። ስሌቱ የሚካሄደው በአንድ ጫፍ የወጣው ፍሰት በሌላው ጫፍ ተመልሶ በሚገባበት ሳጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ እውነተኛ መግቢያ የለውም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ሁለቱን ፍሰቶች የሚለይ ስስ ሳህን አለ፤ ፍሰቶቹ የሚገናኙትም ከሳህኑ ጫፍ በኋላ ነው። የዚያ ሳህን አሻራ በቀላሉ አይጠፋም። ብራድሾው በ1966 እንዳሳየው፣ ንብርብሩ መነሻውን እስኪረሳ ድረስ ከመነሻ ውፍረቱ አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ ርቀት መጓዝ ሊያስፈልገው ይችላል።

መግቢያ ያላቸው ሲሙሌሽኖችም ከችግር ነፃ አይደሉም። አንዳንዱ መግቢያው ላይ የዘፈቀደ ቁጥሮች ይረጭና «ነውጥ ጨምሬያለሁ» ይላል። ይህ አያስኬድም። ስታዲየም ውስጥ ሰው ሁሉ በየፊናው ቢያጨበጭብ ጫጫታ ብቻ ነው፤ ምት የሚወጣው ሲግባቡ ነው። በእውነተኛ ነውጥ ውስጥም የጎረቤታሞች ነጥቦች እንቅስቃሴ የተያያዘ ነው። የዘፈቀደ ቁጥር ይህ ትስስር ስለሌለው ገና ብዙ ሳይጓዝ ይከስማል። ተመራማሪው ነውጠኛ ፍሰት ያስገባሁ ሲመስለው፣ ያስገባው ጸጥ ያለ ፍሰት ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። ቅልቅሉ በስሌቱ ላይ ከእውነታው ፈጥኖ ከታየ፣ ያንን ቁጥር አምኖ ሞተር የሚነድፍ መሐንዲስ ይሳሳታል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያምር የአዙሪት ቪዲዮ ስታዩ፣ ከማጋራታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መግቢያው ላይ ምን ገባ? መነሻው ሲቀየር ውጤቱ ምን ያህል ተቀየረ? ስሌቱስ መነሻው እስኪረሳ ድረስ ርቆ ሄዷል? መልሱ ጽሑፉ ውስጥ ከሌለ፣ ምስሉን አድንቁት እንጂ ገና አትመኑት።