ጉሮሮውን አይቶ ራውተር መግዛት

የእንጨት መቅረጫውን ማሽን፣ ራውተርን፣ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋቱን ነው። ሻጩ ከካርቶኑ ላይ ያነብለታል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የገዢው ፊት ይፈካል። እኔ ማሽኑን ገልብጬ ጉሮሮውን አያለሁ። ስለት ያለው ፑንታ የሚገባበት፣ በዳዶ የሚጠብቅ ትንሽ የብረት እጅጌ እዚያ አለ፤ ኮሌት ይባላል። የአምራቹ ጥንቃቄ የሚለካው በእሱ ነው።

ጥሩ ኮሌት ውስጡ ለስልሶ የተሠራ፣ ዙሪያው በቀጫጭን ስንጥቆች የተከፋፈለ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ስንጥቆቹ እኩል ይጠብቡና የፑንታውን ዘንግ ከየአቅጣጫው ይጨብጡታል። ርካሹ ላይ ስንጥቁ ጥቂት፣ ውስጡም ሸካራ ነው፤ ዘንጉን በአንድ ወገን አጥብቆ በሌላው ያላላዋል። በደቂቃ 20,000 ጊዜ የሚዞር ስለት ከመሐሉ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ቢዛነፍ፣ ከሁለቱ ስለቶች አንዱ ብቻውን ይሠራል፤ እንጨቱ ላይ ሞገድ ይቀራል፣ ኩሽኔታውም ያለ ዕድሜው ይበላል። በደንብ በተጨበጠ ስለት የወጣ የዋንዛ ጠርዝ ላይ ጣታችሁን አሂዱ። የሚያደናቅፍ ነገር አታገኙም፤ የብርጭቆ ወረቀቱም ብዙ ሥራ አይኖረውም።

ከዘንጉ ልክ ጋር መቀለድ አይቻልም። በአሜሪካ የሚሸጡት ራውተሮች ሩብ ወይም ግማሽ ኢንች ዘንግ ይይዛሉ፤ በአውሮፓ 6፣ 8 እና 12 ሚሊሜትር የተለመደ ነው። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊሜትር ስለሆነ የ6 ሚሊሜትር ዘንግ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ዳዶውም የጠበቀ ይመስላል። ሞተሩ ሲነሳ ግን ፑንታው ሊንሸራተት፣ ብሎም ሊወረወር ይችላል። ዘመድ ከአሜሪካ ማሽን ይዞላችሁ ሲመጣ የኮሌቱን ልክ ጠይቁት፤ ቮልቱንም ጨምራችሁ። የ120 ቮልት ማሽን ያለ ትራንስፎርመር በእኛ 220 ላይ ከተሰካ በጭስ ይሰናበታል።

ሁለተኛው የማየው ነገር አወራረዱ ነው። ሞተሩ በሁለት ምሰሶዎች ላይ ተንሸራቶ ወደ እንጨቱ የሚጠልቀውን ራውተር የጀርመኑ ኤሉ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1949 ለገበያ አቀረበ። ፋብሪካው በኋላ በብላክ ኤንድ ዴከር ቢገዛም፣ ከዝነኛ ሞዴሎቹ አንዱ ዲዎልት በሚል ስም ለረጅም ዘመን ተሠርቷል፤ ባለሙያ የወደደው ቅርጽ በቀላሉ አይጣልም። ፈተናው ቀላል ነው፦ መሣሪያው ሳይሰካ አንዱን እጀታ ብቻ ወደ ታች ተጫኑ። ደህና የተሠራው ሞላው እየተቃወመም ቢሆን ሳይነክስ ይወርዳል፤ ያልተሠራው መንገድ ላይ ይቆማል። እንጨት ውስጥ ሆኖ እንዲህ ቢቆምባችሁ የምትቆፍሩት የመገጣጠሚያ ጉድጓድ ግድግዳው ይበላሻል። ጥልቀቱን አስልቶ የሚያቆመው ዘንግ ሲጠብቅ የሚነቃነቅ ከሆነም ማሽኑን መልሱት።

የፍጥነት መቆጣጠሪያ የሌለውን ትልቅ ራውተርም አልመክርም። 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስለት በደቂቃ 22,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት ከ200 ኪሎሜትር በላይ ይበራል። ወደ 10,000 ሲወርድ ከ100 በታች ይሆናል፤ እጅም ድምፁም ይረጋጋል።

ፑንታ ሲገዛ ብዙ ፍሬ ያለው ሳጥን ያማልላል። ከሳጥኑ አንዷን አውጡና የሚቆርጠው ጠንካራ ካርባይድ ከብረቱ ጋር የተበየደበትን መስመር በብርሃን እዩ። መስመሩ ያልተቋረጠና ቀጥ ያለ፣ ካርባይዱም ወፈር ያለ ከሆነ ደግሞ ደጋግሞ ሊሳል ይችላል። ቀዳዳ ካያችሁ ሳጥኑን ከነሙሉ ፍሬው ለባለሱቁ ተዉለት።

ስለ ሌሎቹ የእንጨት ሥራ ማሽኖች ብዙ አልልም። ጂግሶ ሲገዛ ምላጩ ወደ ጎን እንዳይጫወት በጣት መሞከር ይበቃል፤ የማለስለሻ ማሽን ደግሞ አቧራውን የሚስብ ይሁን፣ በተለይ ኤምዲኤፍ ለሚሠራ።

ወደ ራውተሩ ስመለስ፣ ለቤት ሥራ የምመርጠው ትንሹን ነው። የማኪታ 0700 ለምሳሌ 710 ዋት ብቻ ነው፤ ከ10,000 እስከ 30,000 ዙር ይስተካከላል፣ ሁለት ኪሎ አይሞላም፣ የሚጠልቅ መሠረትም ለብቻው ይገጠምለታል። ጠርዝ ለማስዋብ፣ ማጠፊያ ለማስገባት፣ ጠባብ ቦይ ለማውጣት ከበቂ በላይ ነው፤ ጥልቁን ቦይ በአንዴ ከመግፋት በየደረጃው ማውረድ ነው። ባለ ግማሽ ኢንቹ ግዙፍ ማሽን የበር ፍሬም በብዛት ለሚያወጣና ከጠረጴዛ ሥር ለሚያስረው ይሁን። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ትንሹን ግዙ፤ የተረፈውን ብር ለሦስት ጥሩ ፑንታ፣ ለዓይን መነጽርና ለጆሮ መከላከያ አውሉት።