ባልዲው ለምን ተላጠ

ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚለቀመውን ሃይላንድ (እኛ አገር የየትኛውም ድርጅት ውሃ ቢሆን ፕላስቲኩ ሃይላንድ ነው) ሳይ ሁለት ፕላስቲክ ይታየኛል። ጠርሙሱ ፔት ነው፤ ክዳኑ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፕሊን። ፈጭተን በርሜል ውሃ ውስጥ ስንጨምረው ፔቱ ይሰጥማል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። አንድ ሊትር የሚሞላ ፔት 1.38 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የክዳኑ ዓይነት ግን አንድ ኪሎ አይሞላም።

በዚህ ተማምኜ ኖርኩ። ውሃ የማይለየው እንዳለ ያስተማረኝ አንድ ባልዲ ነው። የጀሪካንና የተሰበረ ወንበር ፍጭ አብሮ ተንሳፍፎ ስላገኘሁት አብሬ አቀለጥኩት። ጀሪካኑ ፖሊኢትሊን፣ ወንበሩ ፖሊፕሮፕሊን ነበር። ባልዲው ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ያምር ነበር። ጠርዙን ይዤ ጎተት ሳደርገው ግን እንደ እንሰት ግንድ ሽፋን በሽፋን ተላጠ።

ሁለቱም ቀልጠው፣ ተማስለው፣ ለምን አልተዋሃዱም? ቀይና ነጭ ዶቃ ሳፋ ላይ በትናችሁ ብታምሱት ወዲያው ይደባለቃል። ሺህ ሺውን በየክሩ ከሰካችሁት በኋላ ግን አንዱ ዶቃ ብቻውን የትም አይሄድም። ፖሊመር ማለት ያ ክር ነው። ክሩ በረዘመ ቁጥር የመደባለቅ ዕድሉ ስለሚመነምን፣ በሁለቱ መካከል ያለች ትንሽ አለመስማማት ለመለያየት ትበቃለች። ፍሎሪና ሃጊንስ የተባሉ ኬሚስቶች ይህን በ1940ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በየፊናቸው በስሌት አሳይተዋል። በባልዲዬ ውስጥም አንዱ በሌላው መሃል ጠብታ ሆኖ ተቀምጦ ነበር፤ ድንበሩን የሚይዘው ስለሌለ ስንጥቁ የሄደው በዚያው ነው።

አማላጅ ግን አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የኮርኔልና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፊሉ ፖሊኢትሊን፣ ከፊሉ ፖሊፕሮፕሊን የሆነ ሰንሰለት ሠርተው 1 በመቶ ያህል ቢጨምሩበት ድብልቁ ጠነከረ። ያንን እስካገኝ የኔ ሥራ መለየት ነው።

መጀመሪያ የዕቃውን ቂጥ እገለብጣለሁ፤ 2 ቁጥር የጀሪካኑ ወገን፣ 5 ቁጥር የወንበሩ። ቁጥሩ ከጠፋ፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል ሁለት እጅ ከአንድ እጅ ውሃ ጋር በብርጭቆ ቀላቅዬ ቁራጩን እጨምርበታለሁ። አየር እንዳይዝ በጣቴ ደፈቅ አድርጌ እለቀዋለሁ። የወንበሩ ተመልሶ ይወጣል። የጀሪካኑ ቀስ እያለ ይወርዳል።